ሌስተር ሳይጫወት ሻምፒዮን የሆነባት የፋሲካ ሳምንት

የአንባቢያን ጥያቄ እና የስፖርት ዓምድ አዘጋጁ መልስ

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የዋንጫ ፉክክሮች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሌስተር ሲቲ በ2008 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን ሻምፒዮን የሆነበትን ሁኔታ በአጭሩ አንስተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ተሰጥቷል። የጨዋታዎቹ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓታቸው ደግሞ በአገራችን አቆጣጠር ተጽፏል።

ጥያቄ፦ በፋሲካ ዕለት ሌስተር ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር አቻ ሲለያይ ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ ተመልክቻለሁ። በማግስቱ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር ስሄድ ሻምፒዮኑ ገና አልታወቀም ነበር፤ ማክሰኞ ስመለስ ግን ሌስተር ዋንጫውን መውሰዱን ነገሩኝ። በመሃል አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያ እሑድ እ.ኤ.አ ሜይ 1 ቀን 2016፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 2008 ዓ.ም ነበር። ሌስተር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ኦልድ ትራፎርድ ሲገባ፣ ካሸነፈ የማንንም ውጤት ሳይጠብቅ እዚያው ሻምፒዮን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። አንቶኒ ማርሻል ገና በ8ኛው ደቂቃ ዩናይትድን መሪ አደረገ። በ17ኛው ደቂቃ ዳኒ ድሪንክዋተር ያሻማውን ቅጣት ምት አምበሉ ዌስ ሞርጋን በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገ። በዩናይትድ አካዳሚ ያደገው ድሪንክዋተር በ86ኛው ደቂቃ በሁለተኛ ቢጫ ካርድ ከሜዳ ቢወጣም ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነው። ሌስተር በ36 ጨዋታ 77 ነጥብ ሰበሰበ። ተከታዩ ቶተንሃም ደግሞ በ35 ጨዋታ 69 ነጥብ ነበረው። ቀሪዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ቢያሸንፍ 78 ይደርሳል፤ አንዱን እንኳ አቻ ቢወጣ ግን ከ76 ማለፍ አይችልም። ስለዚህ የሰኞው ጨዋታ ለቶተንሃም የማሸነፍ ግዴታ የተጣለበት ነበር፤ የተጫወተውም ከቼልሲ ጋር፣ እ.ኤ.አ ከ1990 ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አሸንፎ በማያውቅበት በስታምፎርድ ብሪጅ ነው።

ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። የቶተንሃሙ ደሌ አሊ ከዌስት ብሮም ጋር በነበረው ጨዋታ የተጋጣሚውን ተጫዋች በቡጢ በመምታቱ ታግዶ አልተሰለፈም። ይሁን እንጂ ሃሪ ኬን በ35ኛው፣ ሰን ሁንግ ሚን በ44ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ቶተንሃም ወደ ዕረፍት የወጣው 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ዕረፍት ከመድረሱ በፊት ዳኒ ሮዝና ዊሊያን ተያይዘው አሰልጣኙ ማውሪሲዮ ፖቸቲኖ ራሳቸው ሜዳ ገብተው ለመገላገል ሞክረዋል። ሙሳ ዴምቤሌ በበኩሉ ጣቱን ዲዬጎ ኮስታ ዓይን ውስጥ በመስደዱ በኋላ ስድስት ጨዋታ ታግዷል። ዳኛው ማርክ ክላተንበርግ ለቶተንሃም ተጫዋቾች ብቻ ዘጠኝ ቢጫ ካርድ ሰጥተዋል፤ በፕሪምየር ሊጉ ታሪክ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ካርድ ተመዞበት አያውቅም ነበር።

በ58ኛው ደቂቃ ጋሪ ኬሂል ከማዕዘን ምት የመጣውን ኳስ አስቆጥሮ ልዩነቱን ወደ አንድ አጠበበው። በ83ኛው ደቂቃ ደግሞ ከዕረፍት በኋላ ተቀይሮ የገባው ኤደን ሃዛርድ ለኮስታ ሰጥቶ መልሶ የተቀበለውን ኳስ ሳያቆም በቀኝ እግሩ ጠምዝዞ ከግቡ የላይኛው ማዕዘን አሳረፈው። ያን ምሽት ጨዋታውን የተመለከትኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነበር። የአርሰናል፣ የማንችስተር ዩናይትድና የቼልሲ ማሊያ የለበሱ፣ በሌላ ቀን ቢሆን እርስ በርስ የሚተራረቡ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ተደባልቀው ተቀምጠዋል፤ የሃዛርድ ኳስ መረብ ሲነካ ግን ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሌስተር ማሊያ የለበሰ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

የሌስተር ተጫዋቾች በዚያች ሰዓት በጄሚ ቫርዲ ቤት ተሰብስበው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ አንዱ በሌላው ላይ ሲዘል የሚያሳየውን ምስል ክርስቲያን ፉክስ በስልኩ ቀርጾ ለዓለም አካፍሎታል። አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒየሪም ያን ቀን የ96 ዓመት እናታቸውን ለምሳ ለመጠየቅ ጣልያን ደርሰው ተመልሰዋል። ራኒየሪ ከ2000 እስከ 2004 ቼልሲን ያሰለጠኑ ሰው መሆናቸው፣ ዋንጫውም የተረጋገጠላቸው በቀድሞ ሜዳቸው በቼልሲ ተጫዋቾች እግር መሆኑ የዚያችን ምሽት ታሪክ የበለጠ ያጣፍጠዋል።

ብዙ አንባቢያን አያይዘው የጠየቁትን አንድ ነገር እዚሁ ልመልስ። የቼልሲዎቹ ሃዛርድና ፋብሪጋስ ከጨዋታው በፊት ቶተንሃም ዋንጫ እንዲወስድ እንደማይፈልጉ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ይህ ለስፖርት ጨዋነት ተገቢ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቷል። እኔ በበኩሌ ምንም ነውር አይታየኝም። እግር ኳስን የሚያዋርደው ምንም የሚያጣው ነገር ስለሌለ ብቻ ጨዋታውን አሳልፎ የሚሰጥ ቡድን ነው። ቼልሲ ግን በሰንጠረዡ አጋማሽ ተቀምጦ፣ ለራሱ የሚተርፈው ነገር ሳይኖር፣ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ ታግሏል። ከሊግ ተጫዋች የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። አርሰናል በዚያ ዓመት ሌስተርን ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። ታዲያ ዋንጫው ለምን የእኛ አልሆነም? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኔም የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ የእርስዎን ስሜት እጋራለሁ። ሌስተር በዓመቱ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱን ያሸነፈው አርሰናል ነው፤ በሴፕቴምበር በሌስተር ሜዳ 5 ለ 2፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2016 በኤምሬትስ 2 ለ 1። በሁለተኛው ጨዋታ ዳኒ ዌልቤክ በ95ኛው ደቂቃ በግንባሩ ያስቆጠራት ግብ ልዩነቱን ወደ ሁለት ነጥብ አወረደችው፤ ያን ዕለት ዋንጫው ወደ ሰሜን ለንደን እንደሚመጣ ያላመነ የአርሰናል ደጋፊ ያለ አይመስለኝም።

ዋንጫው የጠፋው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ፌብሩዋሪ 28 በኦልድ ትራፎርድ የ18 ዓመቱ ማርከስ ራሽፎርድ ሁለት ግብ አስቆጥሮብን 3 ለ 2 ተሸነፍን። ማርች 2 ላለመውረድ ይታገል የነበረው ስዋንሲ በገዛ ሜዳችን 2 ለ 1 አሸነፈን፤ ማርች 5 ደግሞ ከቶተንሃም ጋር 2 ለ 2 ተለያየን። ዘጠኝ ነጥብ በሚያስገኙ ሦስት ጨዋታዎች ያገኘነው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በክረምቱ የዝውውር መስኮት ከግብ ጠባቂው ፒተር ቼክ በስተቀር አንድም ተጫዋች አለመግዛታችንም መረሳት የለበትም። ሌስተርን ሁለት ጊዜ ማሸነፍ የሚያስገኘው ስድስት ነጥብ ነው፤ ሊጉ ደግሞ 38 ጨዋታ አለው፤ ሌስተር ከትናንሾቹ ቡድኖች ጋር ያልጣለውን ነጥብ እኛ ጥለናል። ለመጽናኛ ያህል፣ በመጨረሻው ቀን ቶተንሃም አስቀድሞ በወረደው ኒውካስል 5 ለ 1 ሲሸነፍ አርሰናል በ71 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ፣ ቶተንሃም በ70 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨርሷል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ የሌስተር ዋንጫ የዕድል ውጤት እንጂ የችሎታ አይደለም ይላሉ፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ስለደከሙ ብቻ ያገኘው ነው ብለው ይከራከሩኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚሉት ከፊሉ እውነት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የአምናው ሻምፒዮን ቼልሲ 10ኛ ሆኖ የጨረሰበት፣ ሊቨርፑል በኦክቶበር አሰልጣኝ የቀየረበት፣ ማንችስተር ሲቲና ማንችስተር ዩናይትድ እኩል 66 ነጥብ ብቻ ያገኙበት ዓመት ነበር። ሌስተር ዋንጫውን ያነሳበት 81 ነጥብ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቼልሲ ከሰበሰበው 87 ያነሰ ነው። በአውሮፓ ውድድር አልነበረም፤ ከአገር ውስጥ ዋንጫዎችም ቀድሞ ስለተሰናበተ ተጫዋቾቹ በሳምንቱ አጋማሽ የሚያርፉበት ጊዜ ነበራቸው፤ ጉዳትም ብዙ አልደረሰባቸውም። ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክልና አምበሉ ሞርጋን 38ቱንም ጨዋታ ተጫውተዋል።

ይህን ሁሉ ከተቀበልን በኋላም ቢሆን ክርክራቸው አያሸንፍም፤ ምክንያቱም እነዚህ ዕድሎች ለሌሎች መካከለኛ ቡድኖችም ክፍት ነበሩ። ኤቨርተን፣ ስቶክ፣ ዌስት ብሮም፣ ክሪስታል ፓላስ እንደ ሌስተር ከአውሮፓ ውድድር ነፃ ነበሩ፤ የትልልቆቹን መዳከም ግን የተጠቀመበት አንዱ ብቻ ነው። እሱንም ያስቻለው ቡድኑ በዓመቱ መካከል አጨዋወቱን አውቆ መለወጡ ነው፤ ስለ ሌስተር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሌስተር በእያንዳንዱ ጨዋታ ግብ ተቆጥሮበታል። ብዙ ያገባል፤ ብዙም ይገባበታል። በአርሰናል 5 ለ 2 ከተሸነፈ በኋላ ራኒየሪ ሁለቱንም የመስመር ተከላካዮች ቀይረው ዳኒ ሲምፕሰንንና ፉክስን አስገቡ። ለተጫዋቾቹም መረባቸውን ሳያስደፍሩ ከወጡ ፒዛ እንደሚጋብዟቸው ቃል ገቡ። በ10ኛው ጨዋታ ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ነገር ግን ፒዛውን ራሳቸው ተጫዋቾቹ ሊጡን ዳምጠው እንዲጋግሩት አደረጉ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያው ቡድን ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ነበር። ከፌብሩዋሪ 27 እስከ ኤፕሪል 3 ባደረጋቸው ስድስት የሊግ ጨዋታዎች ከዌስት ብሮም ጋር 2 ለ 2 ከመለያየቱ በቀር ኖርዊችን፣ ዋትፎርድን፣ ኒውካስልን፣ ክሪስታል ፓላስንና ሳውዝሃምፕተንን እያንዳንዳቸውን 1 ለ 0 አሸንፏል። በጥሩ ቀን አምስት ግብ ማግባት በዕድል ሊሆን ይችላል፤ ውጥረቱ ጫፍ በደረሰበት ወር አምስት ጨዋታን በተመሳሳይ ውጤት ማሸነፍ ግን የሚቻለው ምን ማድረግ እንዳለበት ጠንቅቆ ለሚያውቅ ቡድን ብቻ ነው።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። ሞርጋንና ሮበርት ሁት ከፍጹም ቅጣት ምት ክልላቸው ብዙ ሳይርቁ የሚሻሙ ኳሶችን ሁሉ ያጸዳሉ። ንጎሎ ካንቴ በመሃል ሜዳ ኳስ ይነጥቃል፤ ሺንጂ ኦካዛኪ ከፊት ሆኖ ያስጨንቃል፤ ማርክ ኦልብራይተን በግራ መስመር ያለመታከት ይመላለሳል። ኳስ ሲገኝ ድሪንክዋተር ወይም ሪያድ ማሕሬዝ ሳይዘገዩ ከተከላካዮች ጀርባ ይልካሉ፤ ቫርዲ እዚያ ይደርሳል። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2016 ከሊቨርፑል ጋር የተቆጠረችውን ግብ ፈልገው እንዲመለከቱ እመክራለሁ። ማሕሬዝ ከራሱ ሜዳ ረጅም ኳስ ይልካል፤ ኳሷ አንድ ጊዜ ነጥራ ስትነሳ ቫርዲ ሳያበርዳት ከሩቅ ይመታታል፤ ሲሞን ሚኞሌ ከግቡ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር ኳሷ በራሱ ላይ አልፋ መረብ ውስጥ ትወርዳለች። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ማንችስተር ሲቲን በገዛ ሜዳው 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ሁለቱን ግቦች ያስቆጠረው ተከላካዩ ሁት ነው። በዚያች ሳምንት ሌስተርን ያየ ሰው፣ ዕድል የሚለው መልስ አያጠግበውም።

የሚያሳዝነው ራኒየሪ ዋንጫውን ካረጋገጡ አሥር ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2017 መሰናበታቸው ነው። ክለቡ በወቅቱ የመውረድ ስጋት ነበረበት፤ ያም ሆኖ ይህን ውሳኔ ዛሬም ልቀበለው አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ እዚህ ሪያድ ከአልጄሪያውያን ጋር እሠራለሁ፤ ስለ ማሕሬዝ ሲያወሩ አይጠግቡም። በዚያ ዓመት በእርግጥ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር? (ከሪያድ)

መልስ፦ የሙያ ባልደረቦቹ ያሉት እንደዚያ ነው። የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር በየዓመቱ በተጫዋቾች ድምፅ የሚሰጠውን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት በኤፕሪል 2016 የወሰደው ማሕሬዝ ሲሆን፣ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። ድሮግባ፣ ኤቶ፣ ያያ ቱሬ በተጫወቱበት ሊግ ይህ ክብር እስከዚያ ዓመት ድረስ ለአፍሪካዊ አለመድረሱ ሊያስገርም ይገባል። ማሕሬዝ 17 ግብ አስቆጥሮ 11 ግብ የሆኑ ኳሶችን አመቻችቷል። ሌስተር እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2014 ከፈረንሳዩ ለ ሃቭር ሲያመጣው የከፈለው ወደ 400 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር።

እኔ ግን ድምፅ ብሰጥ ኖሮ ለካንቴ እሰጥ ነበር። ሌስተር ያለ ማሕሬዝ ጥቂት ጨዋታዎችን ሊያሸንፍ ይችል ነበር፤ ያለ ካንቴ ግን መሃል ሜዳው በሁለት ሰው ብቻ አይቆምም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቼልሲ ሄዶ እዚያም ሻምፒዮን ሆነ፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ ሌስተር ሻምፒዮን ይሆናል ብለው የተወራረዱ ሰዎች አንዱን ብር በ5000 አባዝተው ወሰዱ የሚባለው እውነት ነው? ወንድሜ ይህን እየጠቀሰ ከውርርድ ቤት አይወጣም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ የእንግሊዝ አወራራጆች በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ለሌስተር የሰጡት ግምት 5000 ለ 1 ነበር። ነገር ግን በዚያ ግምት የተወራረዱት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል እስከ መጨረሻው ድረስ ለመጠበቅ ድፍረት አጥተው በመሃል አነስ ያለ ገንዘብ ተቀብለው የወጡ አሉ። ለወንድምዎ እንዲህ ብለው ይንገሩት፦ ሰዎች ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በሊጉ ስላልተደገመ ነው። አወራራጆቹ በየሳምንቱ የሚኖሩት ደግሞ ሌስተር ባላሸነፈባቸው ዓመታት ገቢ ነው። ለኳስ ያለውን ፍቅር ጠብቆ ገንዘቡን ለቤቱ ቢያውል የበለጠ ይደሰትበታል።

ጥያቄ፦ ዋንጫው ለሌስተር የተሰጠው መቼ ነው? ያን ጨዋታ ስላላየሁት ቢተርኩልኝ ደስ ይለኛል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ ሜይ 7 ቀን 2016 ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በኪንግ ፓወር ስታዲየም ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ነው። ከጨዋታው በፊት ጣልያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ አንድሪያ ቦቼሊ ከራኒየሪ ጎን ቆሞ ዘምሯል። ቫርዲ በ5ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ ሁለተኛውን ያገባው የታገደውን ድሪንክዋተርን ተክቶ የገባው አንዲ ኪንግ ነው። በእኔ ዓይን የዕለቱ ትልቅ ሰው ኪንግ ነበር፤ ከሌስተር ጋር ሦስተኛውን እርከን፣ ሁለተኛውን እርከንና ፕሪምየር ሊጉን ያሸነፈ ብቸኛ ተጫዋች እሱ ነውና፣ በዋንጫው ቀን ግብ ማግባቱ በጣም ይገባው ነበር። ቫርዲ ከዕረፍት በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ሦስተኛውን ጨመረ፤ ኤቨርተን በኬቨን ሚራያስ አንድ መልሶ ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ፤ ሞርጋንና ራኒየሪም ዋንጫውን አብረው አነሱ።

ከጨዋታው አንድ የሚቆጭ ነገር ቢኖር ቫርዲ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ከአግዳሚው በላይ መስደዱ ነው። ዓመቱን በ24 ግብ ጨረሰ፤ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ክብር የወሰደው ሃሪ ኬን 25 ነበረው።